የጨርቅ አሻንጉሊትና ልብሶቹ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ለበጎ አድራጎት የጨርቅ አሻንጉሊት መስፋት ጀመርኩ ብያችሁ ነበር። ምን ደረሰ ለምትሉኝ፣ ይኸው። ገላው አስተማማኝ ሆኗል፣ ፊቱ ቀስ በቀስ እየገባኝ ነው፣ ልብሱ ደግሞ ልቤን ወስዶታል። ጫማ ላይ ግን ገና ነኝ።

ለምታውቁት ልጅ ስትሰፉ እጁ ቢገነጠል ተመልሶ ይመጣል፣ ትጠግኑታላችሁ። ለማታውቁት ልጅ የሰፋችሁት ግን አንዴ ከእጃችሁ ከወጣ ወጣ ነው። ማን እንደሚጎትተው፣ ማን እንደሚያኝከው፣ ስንቴ እንደሚታጠብ አታውቁም። ስለዚህ ማማሩን ወደ ኋላ ብዬ፣ ያለ እኔ ይበረክታል ወይ የሚለውን አስቀድማለሁ።

ከጨርቁ ልጀምር። ለገላው ጠበቅ ብሎ የተሸመነ ጥጥ የሚያህል የለም። ጀርሲ (እንደ ካናቴራ ያለው ጨርቅ) ይለጠጣል፤ ፋይበር፣ ማለትም ሆዱን የምንሞላበት ለስላሳ ጥጥ መሰል ነገር፣ ሲጠቀጠቅበት ሆዱ ይነፋና ቅርጹ ይጠፋል። የድሮ አንሶላ ለስላሳነቱ ደስ ይላል፣ ግን መሃሉ ብዙ ጊዜ ስለሚሳሳ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት፣ ከዳር በኩል ያለውን ተጠቀሙ። ምንም ይሁን ምን ጨርቁ ሳይቆረጥ በፊት ይታጠባል። አዲስ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ቀይና ደማቅ ሰማያዊ ደግሞ ቀለም ሊለቁ ይችላሉ። በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሸት አድርጉት፣ ነጩ ከቀላ እንደገና ይታጠብ። ልጅ አፉ ውስጥ የሚከተው ነገር መሆኑን አትርሱ።

በነገራችን ላይ፣ ከብጥስጣሽ ጨርቅ አሻንጉሊት መሥራት የትናንት ሥራ እንዳይመስላችሁ። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ በሮማውያን ዘመን ግብፅ ውስጥ የተሠራ አንድ የጨርቅ አሻንጉሊት አለ። ላዩ የተልባ እግር ጨርቅ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ብጥስጣሽና ፓፒረስ (ከደንገል የሚሠራ የጥንት ወረቀት) ተጠቅጥቆበታል። ያገኙትን መጠቅጠቅ ያኔም ነበር ማለት ነው። እኛ ግን ለስጦታ ስንሠራ አዲስ ፋይበር ብንጠቀም ይሻላል፤ ያገለገለ ትራስ ውስጥ የነበረውን የማይቀበሉ ብዙ ናቸው። 

ስፌቱ ላይ ለልብስ ከምትለምዱት አጠር አድርጉ። እኔ የመኪናውን የስፌት ርዝመት 2 ሚሊ ሜትር ላይ አድርጌ ዳሩን 6 ሚሊ ሜትር እተዋለሁ፣ ከዚያ በዚያው መስመር ላይ ደግሜ እሄድበታለሁ። ብብትና ሁለቱ እግሮች የሚገናኙበት ቦታ ሦስተኛ ዙር ያገኛሉ፣ ምክንያቱም ልጅ አሻንጉሊት የሚይዘው በአንድ እግሩ አንጠልጥሎ ነው። ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ኩርባ ላይ፣ አንገት ሥር ለምሳሌ፣ ስፌቱን ሳይነኩ በመቀስ ጫፍ ቆረጥ ቆረጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ከቀረ ሲገለበጥ ይጨማደዳል፣ በካውያም አይቃናም።

አንገት! ስለ አንገት ብዙ ልበል፣ የሥራው ሁሉ ፈተና እዚያ ስለሆነ። ጭንቅላቱ ፀጉር ሲጨመርበት ይከብዳል፣ አንገቱ ቀጭን ነው፣ ከሰሞናት በኋላ እጥፍ ብሎ አገጩ ደረቱ ላይ ይተኛል። ውስጡ እንጨት የሚያስገቡ አሉ፤ ለመደርደሪያ ጌጥ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለልጅ አይሆንም። መፍትሔው ሌላ ነው። በመጀመሪያ ቅዱ ላይ አንገቱን ሰፋ አድርጉት። ቀጥሎ ጭንቅላቱን በትንንሽ እፍኝ ፋይበር ግማሽ ድረስ ሙሉና፣ አንድ ረጅም ጥቅል ፋይበር አዘጋጅታችሁ ከጭንቅላቱ መሃል ተነሥቶ በአንገቱ አልፎ እስከ ደረቱ እንዲወርድ አድርጉ። ዙሪያውን ከዚያ በኋላ ጠቅጥቁ። አንገቱ ላይ ሲደርስ የሚቋረጥ ነገር ስለማይኖር የሚታጠፍበት ቦታ አያገኝም። በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት፤ ወዲያው ተመልሶ ከመጣ ደህና ነው፣ ጎድጎድ ብሎ ከቀረ ጨምሩበት።

ለመገልበጥና ለመሙላት ከጎኑ ሳይሰፋ የተተወውን ክፍት የምዘጋው በእጅ ነው። መርፌው በአንደኛው እጥፋት ውስጥ ትንሽ ይሄድና ይወጣል፣ ትይዩውን በሌላኛው እጥፋት ውስጥ ይገባል፣ እንዲህ እየተመላለሰ ይቀጥላል። ክሩ ሲሳብ ሁለቱ ጠርዞች ይገጥሙና ስፌቱ ድራሹ ይጠፋል። ከመዝጋቴ በፊት መርፌና ስፒል እቆጥራለሁ፤ ሥራ ስጀምር ስንት እንዳወጣሁ ወረቀት ላይ አለ። ሲያልቅ ደግሞ ማግኔት ላዩ ላይ አመላልሳለሁ። የተረሳ ስፒል በዓይን አይገኝም።

ለዓይን ብዬ ፊት ላይ የልብስ ቁልፍ አልሰፋም። ያምራል፣ አውቃለሁ። ግን በአውሮፓም በአሜሪካም ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠራ መጫወቻ ሲፈተሽ፣ ወርዱ 31.7 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ቁራጭ ሊያንቅ ይችላል ተብሎ አይፈቀድም። የሸሚዝ ቁልፍ እዚያ ውስጥ ይዋኛል። ስለዚህ ዓይኑም አፉም ጥልፍ ነው፣ ጨርቁ ሳይቆረጥ በፊት ተወጥሮ ይጠለፋል፣ ቋጠሮው ውስጥ ይቀራል። ዓይኖቹን ከጭንቅላቱ ቁመት እኩሌታ ትንሽ ዝቅ አድርጉ፣ ያኔ የልጅ ፊት ይወጣዋል። አፉን ደግሞ ትንሽ አድርጉት። ጥርስ በጥርስ የሆነ ፈገግታ ለሚያለቅስ ልጅ አይመችም። ለሆስፒታል ሲሆን ጭራሽ ፊት የሌለው የሚጠይቁም አሉ፤ ልጁ ራሱ በእስክሪብቶ ይስልበታል፣ የት እንዳመመውም ያሳይበታል።

መጠኑም ትልቅ መሆን የለበትም። ካሮል ኢስፌልድ የተባሉ ካናዳዊት እናት፣ በሰላም አስከባሪነት ለዘመተው ልጃቸው ለማርክ ከሹራብ ክር የሠሯቸው አሻንጉሊቶች ኪስ የሚገቡ ነበሩ፤ እሱ ለሚያገኛቸው ልጆች ያድላቸው ነበር። ማርክ በ1994 እ.ኤ.አ. ክሮኤሽያ ውስጥ በፈንጂ ሞተ። በቅጽል ስሙ «ኢዚ» ተብለው አሻንጉሊቶቹ ከዚያም በኋላ በብዙ ሰዎች እጅ መሠራታቸው ቀጠለ። ትንሽ ነገር መሥራት ሲከብደኝ እሳቸውን አስባለሁ፣ ቁሳቁሱም ጊዜውም ይቆጠባል።

አሁን ወደ ልብሱ፣ ወደምወደው። የአሻንጉሊት ልብስ የትልቅ ሰው ልብስ ታናሽ አይደለም። ጨርቁ በዚያው ልክ አይሳሳማ! ጂንስ በዚህ መጠን ሲታጠፍ ካርቶን ይሆናል፣ ትልልቅ አበባ ያለው ጨርቅ ደግሞ አንዱ አበባ ብቻውን ቀሚሱን ይሞላዋል። ሳሳ ያለ ጥጥ፣ ጥቃቅን አበባ፣ ቀጭን መስመር፣ አለቀ። እጅጌውን ከደረቱ ጋር አንድ ላይ ቅደዱት፤ ለብቻው የሚገባ እጅጌ በዚህ ስፋት ያሳብዳል። ጫፉን አጥፋችሁ የምትሰፉት ጎኑ ከመዘጋቱ በፊት፣ ጨርቁ ተዘርግቶ ሳለ ነው።

ያገለገለ ልብስ ላይ ደግሞ ያለቀለት ሥራ አለ። የሸሚዝ እጅጌ ታች ታጥፎ ተሰፍቷል፣ ያንን ጫፍ የቀሚስ ታች አድርጉትና ወገቡ ላይ ላስቲክ ብቻ አስገቡበት። ጠንካራ ላስቲክ ያለው የካልሲ አናት ኮፍያ ይሆናል፣ አንዱን ጫፍ ሰብስቦ ማሰር ነው። ያረጀ የልጅ ካናቴራ አንገቱ ከነጠርዙ ይወጣል።

ማልበስና ማውለቅ ደግሞ የጨዋታው እኩሌታ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ከኋላ እስከ ታች ይከፈታል። የማስረው በቬልክሮ (ሻካራና ለስላሳ ወገን ኖሮት እርስ በርሱ የሚጣበቅ ጥብጣብ) ነው፣ ሻካራው ወገን ግን የሹራብ ክር ፀጉር ይይዛል። መፍትሔው ቀጭን አድርጎ መቁረጥና ሻካራውን ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ፣ ለስላሳው ከላይ እንዲሸፍነው መስፋት ነው። ፀጉሩን እኔ ጎንጉኜ ጫፉን ሰፍቼ እተወዋለሁ። ገና ለሚድሁት ደግሞ ክር ትቼ በጨርቅ ፀጉር እሠራለሁ። ልብሱም ለእነሱ ባይወልቅ ይሻላል።

ለማን እንደምትሰጡ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዕድሜያቸውን፣ ምን እንደማይቀበሉ፣ ልጆቹ ምን ዓይነት የገላ ቀለም እንዳላቸው። እኔ አሁን ሦስት ዓይነት ቡናማ ጨርቅ አስቀምጫለሁ። አሻንጉሊቱ የሚሄደው ገና አንድ ዓመት ላልሞላው ከሆነ፣ ሲተኛ አጠገቡ እንዳይደረግ የሚል ጽሑፍ አብሬ እጨምራለሁ።

ቀረ የምለው ጫማው ነው። ወፍራም ጨርቅ ላይ ሶሉ አልዞር ይላል፣ በስስ ጨርቅ ደግሞ ካልሲ ይመስላል፣ በዚያ ላይ ከእግር ቶሎ ይወልቃል። ጥሩ ቅድ ያላችሁ ከነመጠኑ ላኩልኝ፤ የእግሩ ርዝመት 5 ሳንቲሜትር ነው።