ፓራሲታሞሉን ማን ሰጣት?

ልጄ ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ 11 ኪሎ። ትኩሳት ያዛት። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ፋርማሲስቱ እንደነገረኝ 5 ሚሊ ፓራሲታሞል ሰጥቻት እንቅልፍ ጣለኝ። ጠዋት ስነሳ ጠርሙሱ ጎድሏል።

«እማዬ፣ ሰጥተሻታል እንዴ?»

«እንደ ምጣድ ግላ ዝም ልበል? አንድ ማንኪያ ነው የሰጠኋት።»

የቷን ማንኪያ? የሾርባዋን! ያውም እኔ ከሰጠኋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ። ማንኪያዋን ውኃ ሞልቼ በሲሪንጅ ስስበው 12 ሚሊ ወጣው። ልጄን አዝዬ ጤና ጣቢያ በረርኩ።

ነርሷ ጠርሙሱን አየች፣ ልጅቷን መዘነች፣ አሰላች። 5 ሚሊው ውስጥ 125 ሚሊ ግራም አለ። ለአንድ ጊዜ የሚሰጠው ደግሞ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። የእኔና የእማዬ ሲደመር 425! «አትደንግጪ፣ ይሄ አይጎዳትም። ግን እስከ ማታ እንዳትደግሚ» አለችኝ። እንዲህ እየተደራረበ ከቀጠለ ነው ጉበት የሚጎዳው።

እማዬን ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። መስጠቴን አልነገርኳትማ።

አሁን ፍሪጁ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ እስክሪብቶ በክር ታስሮ። የሰጠ ሰው የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና ሰዓቱን ይጽፋል። ፓራሲታሞል ቢያንስ 4 ሰዓት ይለያየዋል፤ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይበልጥም። የጉንፋን ሽሮፕም ውስጡ ፓራሲታሞል ሊኖርበት ስለሚችል፣ ቤት ያለውን ጠርሙስ ሁሉ ለፋርማሲስቱ አሳያለሁ።

የእማዬ ዓይን ደክሟል። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ላይ ልኩን በቀይ የጥፍር ቀለም አሰመርኩላት። የልጅቷ ኪሎ ሲጨምር፣ ፋርማሲስቱን ጠይቄ መስመሩን በአሴቶን አጠፋና አዲስ አሰምራለሁ። ስሰጣት ቁጭ አድርጌ፣ ወደ ጉንጯ ጠጋ አድርጌ፣ ቀስ እያልኩ ነው። ከረሜላ ነው ብዬ ግን አላታልላትም፤ ከረሜላ ከመሰላት አንድ ቀን ራሷ ፈልጋ ትጠጣዋለች።

በዱቄት የሚሸጠው አንቲባዮቲክ፣ አሞክሳሲሊን፣ ሌላ ጣጣ አለው። ዱቄቱን ቸብ ቸብ አድርጌ አላቅቄ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እበጠብጠዋለሁ። አረፋው ሳይወርድ ውኃው ጠርሙሱ ላይ ያለው ምልክት ጋ የደረሰ ይመስላል፤ መጠበቅ ነው። የበጠበጥኩበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ እጽፋለሁ። ሁሌም ነቅንቆ መስጠት፤ አለዚያ መድኃኒቱ ታች ይቀራል።

ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ደግሞ አተኮሳት። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱ ፊት ቆመች።

«የ12 ሰዓቱን ፓራሲታሞል አልጻፍሽም። ሰጥተሻታል ወይስ አልሰጠሻትም?»

ትዝ አላለኝም። ዘለልነው።