ወንሂዮን ማን አመጣው?

አረንጓዴ ቀበቶ ሳለሁ የሚያስጨንቀኝ እርግጫው አልነበረም። ሽምደዳው ነበር። በኢንተርናሽናል ቴኳንዶ እያንዳንዱ ፓተርን፣ ማለትም በቅደም ተከተል የሚሠራ የእንቅስቃሴ ስብስብ፣ ትርጉም አለው። ፈተና ላይ ሠርተን ስንጨርስ ትርጉሙን ቀጥ ብለን ቆመን እንናገራለን። የኔ ተራ ወንሂዮ ነበር፣ 28 እንቅስቃሴ። «ወንሂዮ በ686 እ.ኤ.አ. ቡድሂዝምን ወደ ሺላ መንግሥት ያስገባ መነኩሴ ነው።» ሺላ የጥንት የኮሪያ መንግሥት ነው። ዳቦ ልገዛ ስላክ እንኳ እሷኑ እያነበነብኩ ነበር የምሄደው።

ከዚያ በላይ ደግሞ ትልቁ ታሪክ አለ። ቴኳንዶ 2,000 ዓመት ዕድሜ አለው፤ ሁዋራንግ የሚባሉት የሺላ ወጣት ተዋጊዎች ሲዋጉበት ኖረዋል፤ ማስረጃውም ጎጉርዮ በሚባለው ሌላ የጥንት የኮሪያ መንግሥት መቃብሮች ግድግዳ ላይ ተስሏል ይባላል። አምኜው ነበር። ሰልፍ ላይ ቆሜ ላቤ ጠብ ሲል ከሁዋራንጎች ጎን ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

ጥቁር ቀበቶ ካሰርኩ በኋላ ነው። አንድ ምሽት አልጋዬ ላይ ሆኜ ስልኬ ላይ የካራቴ ቪዲዮ ከፈትኩ። አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ሄያን ኒዳን የሚባለውን የካራቴ ፓተርን ይሠራሉ። ወደ ግራ ዞሩ። ክብደታቸውን የኋላ እግራቸው ላይ ጥለው ሁለቱን ክንዶች አነሱ፤ አንዱ ከፊታቸው፣ ሌላው ከግንባራቸው በላይ። ቀጥሎ ቀኝ እጃቸው ወደ ውስጥ መታ፣ ግራው ወደ ቀኝ ትከሻቸው ተሰበሰበ። ከዚያ ወደ ጎን ጡጫ። ያንኑ ደግሞ በቀኝ በኩል።

ከአልጋዬ ወረድኩና አብሬያቸው ሠራሁት። እግሬ ያለ ስህተት ሄደ። ሁለተኛው ላይ እሳቸው በጡጫ ይመታሉ፣ እኛ በእጃችን ጠርዝ፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ወንሂዮዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ጃፓን ኮሪያን ከ1910 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ገዝታለች። በዚያ ዘመን ለትምህርት ጃፓን የሄዱ ኮሪያውያን ካራቴ ተማሩ። ሊ ዎን ኩክ ከካራቴ መምህሩ ጊቺን ፉናኮሺ ተምሮ በ1944 ሶል ላይ ቹንግ ዶ ክዋን የሚባል ማሰልጠኛ ከፈተ። የኛን ዘርፍ የመሠረቱት ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂም ካራቴ የተማሩት ጃፓን ነው። ቴኳንዶ የሚለው ስም የወጣው በ1955 ነው። ከዚያ በፊት ኮንግ ሱ ዶ የሚሉት ነበሩ፤ ይህም ካራቴ ዶ የሚጻፍበት የቻይና ፊደል በኮሪያኛ ሲነበብ ነው።

የወንሂዮ ትርጉምስ? 686 መነኩሴው የሞተበት ዓመት ነው። ሺላ ቡድሂዝምን የተቀበለችው በ527፣ ወንሂዮ ሳይወለድ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የሸመደድኩት ስህተት ነበር። የግድግዳ ሥዕሉንም ፈልጌ አየሁት። ራቁታቸውን ሊሆኑ ትንሽ የቀራቸው ሁለት ወንዶች እጃቸውን ዘርግተው ፊት ለፊት ቆመዋል። ትግል ሊሆን ይችላል፣ ጨዋታም ሊሆን ይችላል። መቃብሩ የሚጠራው ደግሞ በሌላ ሥዕል ምክንያት «የጨፋሪዎች መቃብር» ተብሎ ነው።

መጀመሪያ በጣም ከፋኝ። ቆይቶ ግን ሰዎቹ አሳዘኑኝ። በ1940 ኮሪያውያን ስማቸውን ወደ ጃፓንኛ እንዲቀይሩ ተገደዱ። የገዛ ስሙን የተነጠቀ ሰው፣ ነጻ ከወጣ በኋላ «የምኮራበትን ነገር ከገዢዬ ነው የተማርኩት» ማለት እንዴት ይቻለዋል? ጃፓኖቹም እኮ ያው ናቸው። ሄያን የተወሰደው ቀድሞ የራሷ መንግሥት ከነበራት ከኦኪናዋ ደሴት ነው፤ የመጀመሪያ ስሙ ፒናን ነበር። ካራቴ ይጻፍ የነበረው «የቻይና እጅ» በሚል ፊደል ሲሆን በ1930ዎቹ «ባዶ እጅ» ተባለ።

በኋላማ ታሪኩ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። የደቡብ ኮሪያው ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ በ1971 «ብሔራዊ ስፖርት ቴኳንዶ» ብለው በእጃቸው ጻፉ። ጄኔራል ቾይ ከሳቸው ጋር ተጣልተው በ1972 ካናዳ ገቡ። በ1980 ደግሞ ቴኳንዶን ወደ ሰሜን ኮሪያ ወሰዱ። ከዚያ ኮዳንግ የሚባለው ፓተርን ወጥቶ ጁቼ ገባ። ኮዳንግ ሰሜን ውስጥ ታስረው የቀሩት የነጻነት ታጋይ የቾ ማን ሲክ የብዕር ስም ነው። ጁቼ የሰሜን ኮሪያ መንግሥት ርዕዮተ ዓለም ነው። አንድን ሰው ከታሪክ ለማውጣት ፓተርን መቀየር በቂ ሆነ። ይህ ከ2,000 ዓመቱ ተረት ይበልጥ ያመኛል።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናት አሰለጥናለሁ። ፈተናው ስለሚጠይቅ 686ን እንዲይዙት አደርጋለሁ። ከዚያ ቁጭ አድርጌያቸው ወንሂዮ በዚያ ዓመት እንደሞተ፣ እንቅስቃሴው በኦኪናዋና በጃፓን በኩል እንደመጣ፣ ተቀብለው የራሳቸው ያደረጉት ኮሪያውያን ምን ዓይነት ዘመን ላይ እንደነበሩ እነግራቸዋለሁ። ባለፈው አንዷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጇን አወጣች።

«ታዲያ ከጠላታቸው ነው የተማሩት?»

«አዎ» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «ከባድ ነው አይደል?»

«በጣም ከባድ ነው የኔ ቆንጆ።»

ቀበቶዋን አጠበቀችና ቦታዋ ላይ ቆመች። «ጁንቢ!» አልኩ፤ ተዘጋጁ ማለት ነው። ቀጥሎ ሁሉም ወደ ግራ ዞሩ።