ቅዳሜው የማን ነው? ከፍቺ በኋላ የልጅን ጊዜ ስለ መከፋፈል

«አባት ልጆቹን በሚመቸው ጊዜ መጎብኘት ይችላል።» በስምምነት በተደረጉ ፍቺዎች ውስጥ ይህቺን ዐረፍተ ነገር ማግኘት የተለመደ ነው። ሲፈርሟት ደግ ትመስላለች፤ ማንም ማንንም አላሰረም። ችግሩ ከወራት በኋላ ይመጣል። ለእሱ የሚመቸው ቅዳሜ ለእሷ የዘመድ ሠርግ ነው፤ እሷ ያለችው እሑድ እሱ መስክ ላይ ነው። ነገሩ ከሮ ፍርድ ቤት አፈጻጸም ሲጠየቅበት ደግሞ የሚፈጸም ነገር አይገኝበትም። ቀን የለው፣ ሰዓት የለው፣ ቦታ የለው።

ጥሩ ስምምነት ማለት ሁለቱ ወላጆች ለአንድ ወር ሙሉ ባይነጋገሩም ልጁ ዓርብ ማታ የት እንደሚያድር የሚታወቅበት ወረቀት ነው።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 113 ላይ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ቀለባቸውና ከሌላው ወላጅ ጋር ስለሚገናኙበት ሁኔታ አብሮ እንዲወስን ያዛል። የሚመዝነው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ነው። በክልል ያላችሁ የክልላችሁን ሕግ ተመልከቱ፤ የአማራ ክልል ለምሳሌ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። «ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሕግ የእናቱ ነው» የሚባለው ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የተረፈ ወሬ ነው፤ በተሻሻለው ሕግ ውስጥ የለም።

ሽማግሌ ፊት የተፈረመውንም ወረቀት መሳቢያ ውስጥ አትተዉት። ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፤ ስምምነታችሁም አፈጻጸም የሚጠየቅበት ፍርድ ቤት ካጸደቀው በኋላ ነው። ዳኛው ደግሞ ዝም ብሎ ማኅተም አይመታም። ስምምነቱ የልጆቹን ጥቅም በበቂ ሁኔታ ካልጠበቀ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ጉድለቱን ራሱ ሊያስተካክል ይችላል።

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያው። «በየ15 ቀኑ ቅዳሜ» ብሎ መጻፍ ለምዶብናል። በአፋችን ሁለት ሳምንት ማለታችን ነው፤ ወረቀት ላይ ግን ከቅዳሜ 15 ቀን ሲቆጠር እሑድ ላይ ይወድቃል። ነገር የሚፈልግ ሰው ይቺን አያልፋትም። «በወሩ 1ኛና 3ኛ ቅዳሜ» የሚሉም አሉ። ይሄ ግልጽ ቢሆንም ሒሳቡ ያዘነብላል። በዓመት 52 ቅዳሜ ቢኖር 1ኛና 3ኛው በ12 ወር 24 ብቻ ነው። አምስት ቅዳሜ ያላቸው ወሮችና ጳጉሜ ተጨምረው ለሌላው ወላጅ 28 ይቀራል። ጳጉሜ ላይ የዋለችው ቅዳሜ የማን እንደሆነች የጻፈ ስምምነት ካገኛችሁ ያረቀቀውን ሰው አመስግኑልኝ። ንጹሑ መንገድ የመነሻውን ቀን ጽፎ በ14 ቀን መቁጠር ነው፤ 26 ለአንዱ፣ 26 ለሌላው።

ለምሳሌ ልጁ ከእናቱ ጋር የሚኖር ከሆነ እንዲህ ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፦

«አባት ከዓርብ መስከረም 15 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮ በየ14 ቀኑ ዓርብ ልጁን ከትምህርት ቤት ሲለቀቅ ይረከባል፤ ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ያደርሳል። ዓርብ ትምህርት ከሌለ ከቀኑ 10 ሰዓት ከእናት ቤት በር ላይ ይረከባል። ሰኞ ትምህርት ከሌለ እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት እዚያው ይመልሳል። የሚረከበው ወላጅ እስከ 45 ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከዚያ ካለፈ የዚያ ሳምንት ተራ ይቀራል፣ ቀጣዩ ግን አይናጋም።»

45 ደቂቃው ለመንገዱ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ 15 ደቂቃ ብሎ መጻፍ ጠብ መጻፍ ነው። የመጨረሻዋም ሐረግ ትልቅ ሥራ ትሠራለች። አንድ ተራ በቀረ ቁጥር «ያለፈውን አካክሺልኝ» ከተባለ፣ በሁለት ወር ውስጥ ዓርቡ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም።

ርክክቡ ትምህርት ቤት ሲሆን ወላጆቹ በር ላይ አይገናኙም፣ ልጁም ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የሁለቱን ፊት አያነብም። ግን ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛው ርቀት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሳሪስ፣ የአባት ቤት ለገጣፎ ከሆነ ሰኞ ልጁ ገና ሳይነጋ ሊነሳ ነው፤ ለእንዲህ ያለው እሑድ ማታ መመለስ ይሻላል። ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ አለማወቁ ነው። የውሳኔውን ግልባጭ ለርእሰ መምህሩ ስጡ፣ ልጁን መረከብ የሚችሉትን ሰዎች ስም አስመዝግቡ፣ ልጁ በሰርቪስ የሚመላለስ ከሆነም የአባት ተራ የሆኑትን ዓርቦች ለረዳቱ በጽሑፍ ስጡት። አለዚያ አባት በር ላይ ቆሞ ልጁ ሰርቪስ ውስጥ ነው።

ሁለተኛ ዩኒፎርም ግዙ። ቀልድ አይደለም፤ የሰኞ ጠዋት ጭቅጭቅ ብዙውን ጊዜ ሳይታጠብ ስለተመለሰ ሹራብ ነው። መድኃኒት ያለው ልጅ መድኃኒቱ የሚወሰድበት ሰዓት ተጽፎበት አብሮት ይሂድ፤ «ነግሬህ ነበር» አይበቃም።

ዓመት በዓልን «ይከፋፈላሉ» ብላችሁ አትለፉት፤ በስም ጥሩት። ሙሉ ቁጥር በሆነ ዓመት ገና ለአባት፣ ፋሲካ ለእናት፤ ጎደሎ በሆነ ዓመት ይገለባበጣል። ገናን «ታኅሣሥ 29» ብላችሁ አትጻፉ፤ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት 28 ላይ ይውላል። ፋሲካ ደግሞ ቅዳሜ ማታ ስለሚጀምር ከቅዳሜ 11 ሰዓት እስከ እሑድ 11 ሰዓት በሉት። አንዱ ወላጅ ሙስሊም፣ ሌላው ክርስቲያን ከሆነ ክፍፍሉ በጣም ይቀላል፤ የኢድ ቀን በጨረቃ ስለሚወሰን «በዓሉ በሚውልበት ቀን» ማለት ብቻ ነው። በዓሉና የዓርቡ ተራ ሲጋጩ በዓሉ እንደሚቀድም አንድ መስመር ጨምሩ።

ክረምቱን ለሁለት ክፈሉት፤ ሐምሌ ለአንዱ፣ ነሐሴና ጳጉሜ ለሌላው፣ በየዓመቱ እየተቀያየረ። ከላይ ባለው ናሙና አባት በትምህርት ወቅት ወደ 63፣ በክረምት ወደ 32፣ በጠቅላላው ወደ 95 ሌሊት ከልጁ ጋር ያድራል፤ የዓመቱ ሩብ ማለት ነው። ይህን ያህል ጊዜ «መጎብኘት» ሲባል ቃሉ ራሱ ይገርመኛል፤ ልጁ ሆስፒታል የተኛ አስመሰለው።

ይህ ሁሉ ትምህርት ቤት ለደረሰ ልጅ ነው። ለሚጠባ ሕፃን በሳምንት ሦስት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት፣ በወር ሁለቴ ሙሉ ቀን ከመሆን ይበልጣል፤ ሕፃን ሁለት ሳምንት ያላየውን ፊት እንግዳ ያደርገዋል። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላው አንድ ሌሊት ሞክሩ። በቤቱ ድብደባ ከነበረ ግን ናሙናዬን ተዉት፤ ግንኙነቱ ሦስተኛ ሰው ባለበትና በተወሰነ ቦታ ብቻ እንዲሆን ፍርድ ቤቱን ጠይቁ።

ቀለብና ጊዜ አይነጋገዱም። «ካልከፈልክ አታያትም»፣ «ካላሳየሽኝ አልከፍልም» ሁለቱም ስህተት ናቸው። ያልተከፈለ ቀለብ ከደመወዝ ጭምር በአፈጻጸም ይጠየቃል፤ የተከለከለ ግንኙነትም እንዲሁ በፍርድ ቤት ይጠየቃል። ልጁ ያልተሰጠባቸውን ቀናት መዝግቡ፣ የተጻጻፋችሁትን መልእክት አታጥፉ። ሥራ፣ መኖሪያ ወይም ጤና ሲለወጥ ያው አንቀጽ 113 ውሳኔው እንዲሻሻል መጠየቅን ይፈቅዳል።

አንዱ ወላጅ ውጭ አገር ከሆነ የስልኩ ሰዓት «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ተብሎ ይጻፍ። ሪያድ፣ ኩዌትና ዶሃ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናቸው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ዋሽንግተን ግን በእነሱ በጋ 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት የተባለው ጥሪ እዚያ አንዳንዴ ከጠዋቱ 4፣ አንዳንዴ 3 ሰዓት ላይ ይሆናል። ልጁ ለዕረፍት ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ የሚመለስበት ቀን፣ የሌላው ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድና ፓስፖርቱ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ይጻፍ። ኢትዮጵያ ድንበር ተሻግረው የተወሰዱ ልጆችን ስለ መመለስ የሚደነግገውን የ1980ውን (እ.ኤ.አ.) የሄግ ስምምነት አባል ስላልሆነች፣ ያልተመለሰን ልጅ በዚያ መንገድ መጠየቅ አይቻልም።