ባሕር ማዶ ሄዶ ጤናና አካባቢ ጥበቃን ማስተማር

ወደ ሌላ አገር ሄደው በበጎ ፈቃደኝነት የጤናና የአካባቢ ጥበቃ ትምህርት ለመስጠት የተዘጋጁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ምን ማስተማር እንዳለባቸው ነው። በዚህ ሥራ ላይ ከቆየሁ በኋላ የደረስኩበት መልስ ብዙዎቹን አያስደስትም፤ ሊያስተምሩት ካሰቡት ውስጥ አብዛኛውን የመንደሩ ሰው አስቀድሞ ያውቀዋል። እጅን በሳሙና መታጠብ እንደሚገባ፣ የታቆረ ውሃ ትንኝ እንደሚያራባ፣ ሜዳ ላይ መጸዳዳት በሽታ እንደሚያመጣ ያልሰማ ሰው ማግኘት እየከበደ ሄዷል። ሰው የሚያውቀውን እንዳያደርግ የሚያግደው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ግን በየቦታው መልሱ የተለያየ ስለሆነ፣ ከውጭ የመጣ በጎ ፈቃደኛ አብዛኛውን ጊዜውን ሊሰጠው የሚገባው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የደንጌ ትኩሳትን እንመልከት። በሽታውን በዋናነት የምታስተላልፈው ኤደስ ኢጂፕቲ የተባለችው ትንኝ ከሰው መኖሪያ ብዙም የማትርቅ ናት፤ እንቁላሏን የምትጥለውም በውሃ በርሜል፣ በአበባ ማስቀመጫና ዝናብ ባጠራቀመ አሮጌ ጎማ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሉ ውሃው ቢደርቅም ለወራት ሳይሞት ይቆያል፤ እንደገና ውሃ ሲነካው ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የምትበር ትንኝ ይወጣዋል። በዚህ ምክንያት የተለመደው ትምህርት የውሃ ዕቃዎችን በየሳምንቱ ድፉ፣ ግድግዳቸውንም ፈግፍጉ ይላል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሌሊት ተነሥታ ወረፋ ጠብቃ የሞላችውን በርሜል ድፊ የተባለች እናት ምክሩን ብትንቅ አይፈረድባትም። ለእሷ የሚሠራው ጥብቅ ክዳን ነው፤ አለዚያም በርሜሉ በራሱ ባለቀበት ቀን፣ አዲሱ ውሃ ከመቀዳቱ በፊት፣ ውስጡን መፈግፈግ ነው። ይህን መልእክት ለመቅረጽ የትንኟን የሕይወት ዑደት ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ውሃው በየትኛው ቀን እንደሚለቀቅ የሚያውቀውን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል።

የተቅማጥ ትምህርትም እንዲሁ ነው። በተቅማጥ የወጣውን የሰውነት ፈሳሽ ለመተካት በቤት ውስጥ የሚዘጋጀው ፈሳሽ ልኩ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ሲሆን፣ ማንኪያው መቆለል የለበትም፤ ጨው ከበዛ ሕፃኑን ይጎዳዋል። እንግዲህ በቤቱ ውስጥ አንድ ሊትር የሚይዘው ዕቃ የትኛው ነው? ማንኪያውስ የሻይ ነው ወይስ የሾርባ? እናቲቱ በራሷ ዕቃ በጥብጣ እስክታሳይ ድረስ ትምህርቱ ተሰጥቷል ለማለት አልደፍርም። ለዚሁ የተዘጋጀው፣ በውሃ የሚበጠበጠው የኦ አር ኤስ ፓኬት ከዚንክ ጋር በሚገኝበት ቦታ ደግሞ ስለ ስኳርና ጨው ማውራቱ ቀርቶ ፓኬቱ የት እንደሚገኝ ማሳየቱ ይሻላል።

ብዙ ድርጅቶች የአካባቢና የጤና ትምህርትን በሁለት ክፍልና በሁለት በጀት መለያየታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሁለቱ እንደማይነጣጠሉ ትራኮማ የተባለው የዓይን በሽታ በቂ ማስረጃ ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በእጅ፣ በጋራ ፎጣና በልጆች ዓይን ላይ በሚያርፉ ዝንቦች ነው፤ የዝንቧ ዋና መራቢያ ደግሞ ሜዳ ላይ የወደቀ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ስልት ከቀዶ ሕክምናና ከመድኃኒት ጋር ፊትን መታጠብንና አካባቢን ማሻሻልን አጣምሮ ይዟል። መጸዳጃ ቤት የሚያስቆፍረው ሠራተኛ ሳያውቀው የዓይን ሐኪም ረዳት ሆኗል ማለት ነው።

ማን ያስተምር የሚለውን ጥያቄ በሚገባ የሚመልሰው የጊኒ ዎርም ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በአፍሪካና በእስያ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓመት በዚህ ትል ይያዙ ነበር፤ በ2023 በዓለም ዙሪያ የተመዘገቡት ሕሙማን 14 ብቻ ነበሩ። ክትባት የለውም፣ የሚያድን መድኃኒትም የለውም። የትሉን እጭ፣ ማለትም ገና ያላደገውን ትል፣ የተሸከሙ ጥቃቅን የውሃ ነፍሳትን ከኩሬ ውሃ ጋር የጠጣ ሰው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ እስከ አንድ ሜትር የሚረዝም ትል ብዙውን ጊዜ ከእግሩ ይወጣል፤ ማቃጠሉን ለማብረድ እግሩን ኩሬ ውስጥ ሲነክር ትሏ እጮቿን ውሃው ላይ ትበትናለች። ሰንሰለቱን በዋናነት የበጠሰው ውሃን በጨርቅ ማጥለልና የታመመው ሰው ወደ ኩሬው እንዳይገባ ማድረግ ነው። ይህን በየቤቱ እየዞሩ የተከታተሉት ደግሞ በአብዛኛው ከዚያው ከመንደሩ የተመረጡ ፈቃደኞች ነበሩ። ጎረቤት ጎረቤቱን ኩሬው ውስጥ አትግባ ሊለው ይችላል፤ ትናንት የመጣ እንግዳ ይህን ቢል ማን ይሰማዋል? በኋላ በቻድ በሽታው በውሾች ላይ ሲገኝም ውሻ እንዳይበላው የዓሣን ሆድ ዕቃ መቅበርና ወደ ውሃ እንዳይገባ ውሻን ማሰር ወደ ትምህርቱ የገቡት የመንደሩን የዕለት ተዕለት ኑሮ በመከታተል ነው።

እንግዳው ታዲያ ምን ይሠራል? የአገሩን ሠራተኞች በሥልጠና ያግዛል፣ ሥዕሎችና መመሪያዎች በአካባቢው ቋንቋ ሲዘጋጁ ይተባበራል፣ ከትምህርቱ በኋላ ምን እንደተለወጠ ቤት ለቤት ይቆጥራል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው የአሜሪካ የሰላም ጓድ ፈቃደኞቹን ለሦስት ወራት ገደማ ቋንቋና የአካባቢውን ባህል አስተምሮ ሁለት ዓመት የሚያቆያቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የሁለት ሳምንት ጉዞ በአመዛኙ ለተጓዡ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ አስተርጓሚው፣ መኪናውና የጤና ጣቢያው ሠራተኛ በእነዚያ ሳምንታት ከዋናው ሥራቸው ተነሥተው እንግዳ ሲያስተናግዱ ይሰነብታሉና።

ከመፈረም በፊት ላኪውን ድርጅት ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይገባል፤ በጎ ፈቃደኛ ይላክልን ብሎ የጠየቀው የአገሩ ተቋም የትኛው እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት የሄደው ሰው የጀመረው ሥራ አሁን የት እንደደረሰ፣ እናንተ ስትመለሱ ሥራውን የሚረከበው ማን እንደሆነ። የመጨረሻው መልስ በዚያው በአገሩ የሚሠራ፣ የሥራ መደቡ የታወቀ አንድ ሰው ካልሆነ ጉዞውን ማዘግየት ይሻላል፤ ይህን ሰው አስቀድሞ ማግኘት የድርጅቱ ኃላፊነት ነው።