ቅርንፉድ ነው ለማለት ፈርቼ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሻይ ቤት ተቀጥሬ አምስተኛ ቀኔ ነበር። ሻይ ቤት ስላችሁ ሳምቡሳና ፓስቲ ያለበት እንዳይመስላችሁ። ቅጠሉን በየጣሳው ደርድረው፣ በግራም እየመዘኑ የሚሸጡበት ሱቅ ነው።

ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት አለቃችን አራታችንንም ሰበሰበችን። አዲስ ሻይ ሊቀመስ ነው። ነጭ ሻይ፣ አናናስ፣ ማንጎና ኮኮናት የገባበት። ማታ ከከረጢቱ ወደ ጣሳው ያዛወርኩት እኔው ነበርኩ፤ ግን ለመቅመስ አልደፈርኩም።

ነጭ ሻይ የሚሠራው ከዚያው ከምናውቀው የሻይ ተክል ነው። ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው። እንቡጡና ለጋው ቅጠል ይቀጠፋል፣ ይጠወልጋል፣ ይደርቃል፤ በቃ። እንደ ጥቁሩ አይታሽም። ስመ ጥሩ የሚመጣው ከቻይና፣ ከፉጂያን ግዛት ነው። እንቡጡ ላይ ብርማ ፀጉር አለው፣ የድመት ጆሮ ይመስላል። ችግሩ ጠረኑ ስስ ነው። አጠገቡ ያስቀመጣችሁትን ሽታ ሁሉ ይወስዳል።

ጣሳው ሲከፈት ጁስ ቤት የገባሁ መሰለኝ። አናናሱ፣ ኮኮናቱ፣ ሁሉም ሽው አለ። አለቃችን ግን በፍሬዎቹ እንዳንታለል ነገረችን። የደረቁት ቁርጥራጮች በአብዛኛው ለዓይን ናቸው፤ ጠረኑን የሚሰጠው ቅጠሉ ላይ የተረጨው ፍሌቨር ነው።

ሁለት ሁለት ግራም መዘነች። ውሃው 80 ዲግሪ ላይ ቆመ። እናቴ ብትሰማ «ባልፈላ ውሃ ሻይ!» ብላ ታማትብ ነበር። (ለነገሩ አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚህ፣ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ያላለ ቦታ ላይ፣ የፈላ ውሃ 100 ነው። ያንን ነጭ ሻይ ላይ ብትደፉት ይመርራል።)

አራት ደቂቃ። ከዚያ በማንኪያ እየጨለፉ በድምፅ መሳብ። አዎ፣ በድምፅ! ልጅ ሆኜ ሻይ በድምፅ ስጠጣ የተቆነጠጥኩበት ጭን አሁንም ያስታውሳል። እዚህ ግን ግዴታ ነው፤ አየሩ ጠረኑን ይዞ ወደ አፍንጫ እንዲወጣ። የቡና ቀማሾቻችንም እንደዚሁ ነው የሚያደርጉት።

ሳብኩት። መጀመሪያ ኮኮናት መጣ። ከኋላው ግን ሌላ ነገር አለ። ምላሴን ደንዘዝ የሚያደርግ፣ የማውቀው ነገር።

ቅርንፉድ!

ሊሆን አይችልም ብዬ ደገምኩት። ቅርንፉድ ነው።

አለቃችን በየተራ ጠየቀች። አንዱ «አናናስ» አለ። ሁለተኛዋ «ማንጎ፣ ትንሽ ክሬም»። ሦስተኛው «መጨረሻው ሞቅ ይላል፣ ደስ ይላል» አለ። ተራዬ ደረሰ። በልቤ፣ «ቅርንፉድ ብል ሐበሻ ስለሆንኩ ሁሉም ነገር ቅርንፉድ የሚለኝ ይመስላቸዋል» አልኩ። እንግሊዝኛዬም ገና ነው። አዲስ ሠራተኛ ነኝ። ምን አስቸኮለኝ?

«ኮኮናት» አልኩና ተቀመጥኩ።

ሻዩ ለደንበኛ እንዲቀመስ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ተዘጋጅቶ በር ላይ ተቀመጠ። ሰው ይቀምሳል፣ «ኦ ናይስ» ይላል፣ ያልፋል። ከሰዓት አንድ ሽማግሌ መጡ። ፉት አሉና ፊታቸውን ጨምደድ አደረጉ።

«ይሄ ነገር የጥርስ ሐኪም ቤት ይሸታል!» አሉ።

ደሜ ቀዘቀዘ። ጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ነገር እኮ የሚገኘው ከቅርንፉድ ዘይት ነው። እኛ ቤትም ጥርሱን ያመመው ሰው የሚነክሰው ቅርንፉድ ነው። ሽማግሌው ልክ ናቸው። እኔም ጠዋት ልክ ነበርኩ።

ያኔ ማታው ትዝ አለኝ። ልንዘጋ ስንል አንዲት ሴት 100 ግራም ማሳላ ቻይ ገዛች። ቅርንፉዱ፣ ሄሉ፣ ቀረፋው፣ ዝንጅብሉ የተፈጨበት። ከዚያ ያንኑ ማንኪያ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጌ ነጩን ሻይ ጨለፍኩበት። እያንዳንዱ ጣሳ የራሱ ማንኪያ እንዳለው የተነገረኝ በመጀመሪያው ቀን ነው። ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሱቁ ውስጥ አልመንድ የገባበት ሻይም አለ። ማንኪያው የእሱ ቢሆንና አለርጂ ያለበት ሰው ቢቀምስስ?

አለቃዬን ጓዳ ወስጄ ነገርኳት። ስለ ማንኪያው ብዙም አልተቆጣችም። ማንቆርቆሪያውን ደፋች፣ ጣሳውን ሙሉ ወደ ቆሻሻ ገለበጠች፣ ታጥቦ በአዲስ እንዲሞላ አዘዘች። ከዚያ ዞር ብላ ጠየቀችኝ።

«ጠዋት ቅርንፉዱ ተሰምቶሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ኮኮናት አልሽ?»

ይሉኝታን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት እስከዛሬ አላገኘሁትም። «ኮኮናትም ነበረው» አልኳት። በዚህ ነው የተናደደችው። ሌሎቹ ሦስቱ ሲቀምሱ ያልያዙትን እኔ ይዤ ዝም ማለቴ፣ ከማንኪያው የባሰ ጥፋት ሆኖ ታያት። «የምከፍልሽ እኮ ለምላስሽ ነው» አለችኝ።

አሁን አዲስ ሻይ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀው እኔን ነው። ባለፈው ፓፓያ የገባበት ሌላ ነጭ ሻይ መጣ። ሁሉም ማንኪያቸውን ይዘው አፌን አፌን ያዩኛል። በድምፅ ሳብኩት፣ ደገምኩት።

«ሳሙና» አልኩ።

ሲኒዎቹን ያጠበው ልጅ ቀስ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ።