የወርቅ ጉትቻ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ!

እዚህ ሮተርዳም አደይ አበባ የለም። ትናንት ከገበያ ሌላ ቢጫ አበባ ገዝቼ ሳሎን አስቀመጥኩ። ዶሮው እየተንተከተከ ነው፤ የጢስ ማስጠንቀቂያው እስኪጮህ ድረስ ሰላም ነን።

ዘንድሮ በዓሉን ሳስብ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመላለሰው፣ አትሳቁብኝና፣ የሆላንዶች የሮክ ባንድ ነው።

በፈረንጆቹ 1961 ዘ ሄግ ውስጥ ሁለት የጎረቤት ልጆች ነበሩ። ጆርጅ ኮይማንስ 13 ዓመቱ፣ ሪኑስ ጌሪትሰን 15። አንዱ ጊታር፣ አንዱ ቤዝ ይዘው ባንድ አቋቋሙ። የመጀመሪያ ስማቸው ሌላ የእንግሊዝ ባንድ የያዘው ሆኖ ተገኘና ቀየሩት። የወርቅ ጉትቻዎች ተባሉ። ኋላ ብዙ ቁጥሩን ጣሉትና ጎልደን ኢሪንግ፣ አንድ ጉትቻ ብቻ ሆነ። ሌላኛው የት እንደገባ አትጠይቁኝ።

በ1967 ሕንድ የተወለደው ዘፋኝ ባሪ ሄይ ተቀላቀላቸው። በ1970 ድራመሩ ሴዛር ዙይደርዋይክ መጣ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሙዚቀኞች ገብተው ወጥተዋል፤ አራቱ ግን ንቅንቅ አላሉም። 50 ዓመት! እኛ ሰፈር ዕቁብ እንኳ አንድ ዙር ሳይሞላ ይበተናል።

የዓለም ጆሮ የደረሱት በ1973 ባወጡት ራዳር ላቭ ነው። ሌሊት መኪና የሚነዳ ሰው፣ የፍቅረኛው ጥሪ ያለ ስልክ ይደርሰዋል። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ውስጥ 13ኛ ደረጃ ያዘ። እኔ የሰማሁት ግን ከታች ካሉት ጎረቤቴ ነው። ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናቸውን ሲያጥቡ ይከፍቱታል። ቤዙ መስኮቴን ያንቀጠቅጠዋል። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። በኋላ ቡና ጠጡ ብዬ ጠራኋቸው። ድራመሩ በከበሮዎቹ ላይ ዘሎ ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ ብለው ተነሥተው ሊያሳዩኝ ሲሉ ረከቦቱ ለጥቂት ተረፈ።

በኅዳር 2019 እዚሁ ሮተርዳም፣ አሆይ አዳራሽ ተጫወቱ። የመጨረሻቸው መሆኑን እነሱም አላወቁም። ቀጥሎ ኮቪድ መጣ። በየካቲት 2021 ኮይማንስ ኤኤልኤስ የሚባለው፣ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያዝል የነርቭ በሽታ እንደያዘው ተሰማ። ሆላንድ ውስጥ ጊታር የሚመታ ሰው አይጠፋም። ሦስቱ ግን ሌላ ሰው አልፈለጉም፤ ባንዱን ዘጉት።

ባለፈው ሐምሌ ኮይማንስ በ77 ዓመቱ አረፈ። የዚያን ቅዳሜ ጎረቤቴ መኪናቸውን አላጠቡም። በሩን ከፍተው፣ እግራቸውን ወደ ውጭ አድርገው ተቀምጠው ዘፈኑን ሲሰሙ በመስኮት አየኋቸው። አልወረድኩም። መውረድ ነበረብኝ።

እኛም እኮ ባንድ ነበረን። ሦስት አብሮ አደጎች፣ ሦስት ዱላ፣ ለቡሄ። እኔ አውራጅ፣ እነሱ ተቀባይ። ባንዳችን የሚቆየው ሙልሙሉ እስኪከፋፈል ነበር፤ ከዚያ ጠብ ነው። አሁን አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ዱባይ ነው። ከዱባዩ ጋር ከተደዋወልን ሁለት ዓመት አልፎናል። ለምን እንደተኳረፍን ብትጠይቁኝ በቅጡ አላስታውስም።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩለት። ሥራ ላይ ነበር፤ ከጀርባው ሰው ይጮኻል።

«ሆያ ሆዬ» አልኩት።

ዝም አለ። ቆየና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ሆ!» አለኝ።