ዘይቤን በጆሮ መማር

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ ቤት አለኝ። ተማሪዎች ማስታወሻቸውን አምጥተው ያስተይባሉ። ከሚመጡት ወረቀቶች መካከል በየዓመቱ የማይቀር አንድ አለ፤ የዘይቤ ዝርዝር። ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት፣ እንቶኔ፣ አያዎ። ደጋግሜ ከመተየቤ ብዛት ትርጉማቸውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ግጥም ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። ሁለቱ ግን አይተዋወቁም ነበር። አንድ ስንኝ ሆዴን ሲያባባው ምን አድርጎ እንዳባባው መናገር እፈልግ ነበር። ዝርዝሩ ይህን አይነግረኝም። እናም ከዝርዝሩ ወጥቼ በሌላ መንገድ ለመማር ቆረጥሁ። እንዴት እንዳደረግሁት ልንገራችሁ።

የጀመርሁት በተረትና ምሳሌ ነው። ምክንያቱም አፌ ላይ ያለ ነገር ነው፤ ማንም ሊያስተምረኝ አያስፈልግም። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለውን ያዝሁ። ከዚያ ዘይቤውን ገፈፍሁትና በደረቁ ጻፍሁት፦ «አደጋ ሳይታወቅ ይመጣል»። ሐሳቡ አለ። የጠፋው ምንድን ነው? ሳቁ ነው። ውሃው እንደ ሰው ያጫውታል፤ ተወሳጁም እየሳቀ ነው የሚሄደው። የሚያስፈራው እሱ ነው። ሰውኛ ዘይቤ የሚባለው ግዑዙን ነገር የሰው ጠባይ ማልበስ እንደሆነ ድሮም አውቃለሁ። ለምን እንደሚለብስ የገባኝ ግን ስገፍፈው ነው።

ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የማደርገው ይህንኑ ነው። ዘይቤውን አወጣለሁ፣ በደረቁ እጽፈዋለሁ፣ የጎደለውን እፈልጋለሁ። ስሙ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲገፈፍ «ባለጸጋው ተቸገረ» ይሆናል። አብረው ሊኖሩ የማይችሉት ሁለቱ ነገሮች፣ ወንዙና ጥሙ፣ ጠፉ ማለት ነው። አያዎ የሚባለው ያ ግጭት ነው። «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ደግሞ ግነትም አለበት፣ ቅሉም የደካማ ሰው ተምሳሌት ነው። አንድ አባባል ሁለት ስም ቢኖረው ምንም ችግር የለበትም። ፈተና ላይ አንዱን ብቻ ምረጡ መባሉ ነው ተማሪውን የሚያደናግረው።

ተነጻጻሪ ዘይቤ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «እንደ» ያለበት ሁሉ ዘይቤ አይደለም። «እንደ አባቱ ረዥም ነው» ተራ ማወዳደር ነው። ሰውን ከሰው ነው የለካነው። «እንደ ባሕር ዛፍ ረዥም ነው» ስንል ግን ሰውን ወገኑ ካልሆነ ነገር ጋር አጠጋነው። «እንደ»ን አስወግደን «ልጁ ባሕር ዛፍ ነው» ካልን ተለዋጭ ሆነ። ይኸው ነው፤ ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር የለውም።

ቀጥሎ የገጠመኝ ምጣኔ፣ የስንኙ ርዝመት ልክ፣ ነበር። ስንኝ፣ ሐረግ፣ ቤት መድፊያ (ስንኞች የሚያልቁበት ተመሳሳይ ድምፅ) የሚሉትን ቃላት መጽሐፍ ላይ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ መስማት ሌላ። ለዚህ ጎንደር ታድላለች። አዝማሪ ቤት ገብቶ መቀመጥ ብቻ ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆ ተቀብሎ ያዜመዋል። የተሰጠው ስንኝ አንድ ቀለም፣ ማለትም አፍ ላይ በአንድ ጊዜ የሚወጣ ድምፅ፣ ከበዛበት ይውጠዋል፤ ካነሰው «እህ» ወይም «እኮ» ጨምሮ ይሞላዋል። እኔም ጠረጴዛው ሥር በጣቴ መቁጠር ጀመርሁ። በብዛት የምሰማው የወል ቤት ነው፤ ስድስት ቀለም፣ ትንፋሽ፣ እንደገና ስድስት። አምስት በአምስት ሲሆን ሰንጎ መገን ይባላል፦ «ዝናቡ መጣ፣ ከተራራው ላይ»። ሲቆጠር ፊደል አይደለም የሚቆጠረው። «ጎንደር» አራት ፊደል ነው፣ አፍ ላይ ግን ሁለት ነው፦ ጎን፣ ደር። ይህን ካወቁ በኋላ ስንኙ የት ላይ እንደሚሰበር ጆሮ ራሱ ይነግራል። ያች በመካከል የምትመጣው ትንፋሽ ናት ሐረግን ከሐረግ የምትለየው።

ሰምና ወርቅ ግን በብቻዬ አልተሳካም። ሰፈራችን ውስጥ ቅኔ ያስተማሩ አንድ የኔታ አሉ። ሄጄ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ የነገሩኝ ስለ አንጥረኛ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል። እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶ በቀረው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። «ሰሙ ካልተስተካከለ ወርቁ ይጣመማል ልጄ» አሉኝ። «እናንተ ወርቁን ትቸኩሉበታላችሁ። በል እስኪ አንድ ጻፍና አምጣ።»

ብዙ ቀድጄ ከጣልሁ በኋላ ይህን ይዤ ሄድሁ፦

ያ ጎረቤታችን መምጣቱ ቀረ ወይ?
ጠላሽ ይሆን እንዴ መምረር ጀመረ ወይ?

የኔታ «ሰሙን ንገረኝ» አሉ። ነገርኋቸው፦ አንዲት ጠላ ጠማቂ ደንበኛዋ ቀርቷል፤ ምናልባት ጠላዋ መርሮ ይሆናል። «ጠላ ይመራል?» አሉ። ጌሾው ሲበዛ ይመራል አልኋቸው። «እንግዲያ ሰሙ በእግሩ ቆሟል። ቀጥል።» ህብር ቃሉ፣ ሁለት ፍቺ የያዘው ቃል፣ «ጠላሽ» ነው። አንደኛው የምትጠምቂው ጠላ፣ ሁለተኛው ጠላሽ፣ አንቺን ጠላሽ። ወርቁም ሰውየው የቀረው መጠጡን ሳይሆን ሴትዮዋን ስለጠላ ነው። የኔታ ግን እኔ ያላየሁትን አዩልኝ። «መምረር» የሚለውም ለሁለቱም ያገለግላል፤ ጠላም ይመራል፣ ሰውም ይመራል። ህብሩ ብቻውን አይደለም፤ ዙሪያው ያለው ቃል ሁሉ ሁለት ቤት ማገልገል አለበት። ስንቱን ስንኝ «ሰምና ወርቅ ነው» ብለን እናልፋለን፤ አንዷ ቃል ሁለት ፍቺ ስላላት ብቻ። ሰሙ ትርጉም ካልሰጠ፣ ወይም የቀረው ቃል ከወርቁ ጋር ካልሄደ፣ እኔ በበኩሌ ሰምና ወርቅ አልለውም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ሲያነሳው አልሰማሁም። የድምፅ መጥበቅና መላላት ነው። አንድ ወዳጄ «መቼ ትመጫለሽ ስላት ገና አለችኝ» የሚል ስንኝ አሳየኝ። ወረቀት ላይ ግሩም ነው። ገና ሲላላ «ገና ነው፣ አልደረሰም» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ቀጠሮ ሰጠችው ማለት ነው። ፊደላችን ሁለቱን አይለይምና አንባቢው ሁለቱንም ያያል። ጮክ ብላችሁ አንብቡት ግን። ወይ ታጠብቃላችሁ ወይ ታላላላችሁ፤ አንዱ ይሞታል። «ጠላሽ» ግን በሁለቱም ፍቺው ላው ይጠብቃልና አዝማሪ ቢያዜመውም አይፈርስም። ለዓይን የተጻፈና ለጆሮ የተጻፈ ህብር የተለያዩ ናቸው። ግጥም በምናዜምበት አገር ይህ ትልቅ ልዩነት ይመስለኛል።

እንቶኔን የተረዳሁት ለቅሶ ቤት ነው። ይህን ስጽፍ እየተጠነቀቅሁ ነው፤ የሰው ሐዘን የትምህርት መሣሪያ አይደለም። ነገር ግን አስለቃሿ የሞተውን ሰው «አንተ» እያለች ስትጠራው፣ ከዚያ ዞር ብላ በሩን «ለምን አስወጣኸው» ብላ ስትጠይቅ፣ የሌለን ወይም የማይሰማን ነገር እንዳለ አድርጎ ማናገር ምን ዓይነት ጉልበት እንዳለው ማንም ይገባዋል። በሩ እንደማይመልስ ሁላችንም እናውቃለን። የሚያስለቅሰውም እሱ ነው። ያን ቀን ከሰማሁ ወዲህ «እንቶኔ» የሚለው ቃል ስተይበው ደረቅ አይመስለኝም።

ምጸትም እንዲሁ በድምፅ ነው የሚያዘው። ጠላውን የደፋ ልጅ «ደግ አደረግህ!» ሲባል ማንም ምርቃት ነው አይልም። ወረቀት ላይ ግን ድምፅ የለም። ስለዚህ ገጣሚው በዙሪያው ባሉ ስንኞች ፍንጭ መተው አለበት፤ አንባቢም ያን ፍንጭ መፈለግ አለበት።

ያስቸገረኝ ተምሳሌትን ከተለዋጭ መለየት ነበር። መፍትሔው የመጣው ከግንቡ ነው። አፄ ፋሲል ያሠሩት ግንብ በግጥም ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ግንብ ነው፤ ድንጋይና ኖራ ነው፣ ወፍ ይሰፍርበታል፣ ዝናብ ይመታዋል። በዚያው ላይ ደግሞ ያለፈ ክብርን ይሸከማል። ነገሩ ራሱ እንዳለ ይቆያል። «ልጁ ባሕር ዛፍ ነው» ስንል ግን እዚያ ባሕር ዛፍ የለም፤ ያለው ልጁ ብቻ ነው። እኔ አሁን የምለየው በዚህ ነው፦ ነገሩ በግጥሙ ዓለም ውስጥ በእርግጥ ካለ ተምሳሌት ሊሆን ይችላል፣ ከሌለ ተለዋጭ ነው።

ስያሜ ላይ መጨቃጨቅ ግን አልወድም። አንዱ መጽሐፍ ተነጻጻሪ ሲል ሌላው አነጻጻሪ ይላል። ቤት መምቻም ቤት መድፊያም ይባላል፤ የስንኞችን ስብስብ አርኬ የሚለውም አንጓ የሚለውም አለ። አስተማሪያችሁ የሚጠቀመውን ያዙና ወደ ስንኙ ግቡ።

አሁን የኔታ ወደ ግእዙ እየመሩኝ ነው። የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ነው። ከዚያ ሦስት ቤት ያለው ዘአምላኪየ አለ፤ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት እያለ ያድጋል። ያለ ግስ፣ ማለትም ያለ ግእዙ ቃላት ጥናት፣ ግን አንድ እርምጃ አይኬድም። ስለዚህ ማታ ማታ ሱቄን ከዘጋሁ በኋላ ግስ እቆጥራለሁ። በግእዝ ስንኝ የሚባል ነገር ገና አልሞከርሁም፤ የኔታም አልፈቀዱልኝም።